አስሩ ተነሥቷል

ጥቅምት 6

ለመርፌዬ፣

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ አጎትሽ ጤነኛ ሰው ነው። ቀልዴን አይደለም፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት አለኝ፣ ግልባጩን አብሬ ልኬልሻለሁ። እትዬሽም ደህና ናት። ደብዳቤሽን ከእኔ በፊት ከፍታ አንብባው ስታበቃ፣ ምንም እንደማታውቅ ሆና ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። እኔም እንዳላወቅሁባት ሆኜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

የጠየቅሽኝ ነገር ላይ ልምጣ። አዎ፣ ሄጃለሁ። አንቺ ባትጨቀጭቂኝ ኖሮ ዛሬ ነገ እያልኩ ዓመቱን እጨርሰው ነበር፤ ዕድሜ ይስጥሽ። እንደምታውቂው የስፌት ሱቄን ዘግቼ የላባ ጃኬት የሚሰፉ ሰዎች ዘንድ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራዬ ጃኬቱን በላባ መሙላትና አፉን በስፌት መዝጋት ነው። ላባው እንዳይበር መስኮት አይከፈትም፤ ክፍሉን ላባ ቤት ነው የምንለው። አሠሪዬ ለሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ሊያስፈርመኝ ሲል መጀመሪያ የትንፋሽ ምርመራ ወረቀት አምጣ አለኝ። ሳሌን ሰምቶ ሳይሆን አይቀርም። እስከ ኅዳር መጨረሻ ፊርማዬን ይጠብቃል።

ክሊኒኩ ውስጥ የልብስ መሞከሪያ ክፍል የምታህል የመስታወት ሳጥን አለች። እዚያ አስቀመጡኝና በሩን ዘጉብኝ። አፍንጫዬን በመቆንጠጫ ይዘው ቧንቧ አስነከሱኝ። ንፋ ሲሉኝ ነፋሁ፣ ሳብ ሲሉኝ ሳብኩ። ነርሷ ከውጭ ሆና "ገና አለ፣ ገና አለ፣ አውጣው" ስትለኝ ሌባ የያዘች እንጂ በሽተኛ የምትመረምር አትመስልም። ስጨርስ የቱንም ያህል ብነፋ የማይወጣ አየር ሳንባ ውስጥ እንደሚቀር ነገረችኝ። የሁሉም ሰው እንደዚያ ነው አለች።

በር ላይ የነበረ አንድ የሰፈር ሰው "ሎጋው፣ አንተም እዚህ ነህ?" ቢለኝ ነርሷ ቁልቁል አየችኝና ሳቋን በእጇ ሸፈነች። አልፈረድኩባትም። ልጅ ናት፣ ድሮ አላየችኝም።

ውጤቱ ይኸው፦ ጠቅላላ የሳንባ ይዘት 4.9 ሊትር፣ ከሚጠበቀው ከመቶ 85፣ በልኩ ነው። አንቺ የዚህ ሙያ ሰው ነሽና አንብበሽ ደስ ይበልሽ። እኔ አንቺን ማመስገኛ የምትሆን ወረቀት ስላገኘሁ ደስ ብሎኛል።

አጎትሽ ሎጋው


ጥቅምት 19

ለጋሼ፣

ዘግይቼ በመጻፌ ይቅር ይበሉኝ። ወረቀቱ ከደረሰኝ ስምንት ቀን ሆኖታል። ያዘገየኝ ሥራ አይደለም፣ በምን ልጀምር እያልኩ ነው። ከሁሉ በፊት እሺ ብለው ስለሄዱልኝ አመሰግናለሁ። እንደማይወዱት አውቃለሁ።

ሳንባዎን የለካው ማሽን ላይ ጥያቄ የለኝም። 4.9 ሊትሩ እውነት ነው። ጥያቄዬ ከመቶ 85 የምትለዋ ላይ ነው። የስንቱ 85? የሚጠበቀው ስንት እንደሆነ ማሽኑ የሚያውቀው በሆዱ ከያዘው ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ የተሠራው የማያጨሱና ሕመም የሌለባቸው ብዙ ሺህ ሰዎች ተለክተው ነው። ማሽኑ እርስዎን አያውቅዎትም። ወንድ መሆንዎን፣ ዕድሜዎንና ቁመትዎን ይነግሩታል፤ እሱም እንዲህ ያለ ሰው ይህን ያህል አየር መያዝ አለበት ይላል። እንደ ተዘጋጀ ልብስ ነው፤ ቁጥሩን የሚመርጠው በአብዛኛው ቁመት ነው።

ወረቀቱ ላይ ቁመት 161 ይላል። ጋሼ፣ ሎጋው መቼ ነው 161 የሆነው? የሱቁን በር ጎንበስ ብለው ነበር የሚገቡት።

አሁን የምጽፈውን አይቀየሙኝ። ጀርባዎ ጎብጧል። አርባ ዓመት መኪና ላይ አቀርቅረው ሰፍተዋል፤ እኔንም ያሳደጉኝ በዚያው ስፌት ነው። ጀርባ ሲጎብጥ ቁመት ይቀንሳል፤ ሳንባዎ ግን የተሠራው ለድሮው ቁመት ነው። ያንን ሳንባ ከአጭር ሰው ሳንባ ጋር አስተያይተው በልኩ ነው ብለውዎት ይሆናል። ላይሆንም ይችላል። እኛ እንዲህ ሲያጋጥመን ቁመቱን ትተን ከቁመት ጋር የሚተካከለውን የተዘረጋ ክንድ እንለካለን፤ ክንድ በዕድሜ አያጥርም፣ የድሮውን ቁመትም ያስታውሳል።

ስለዚህ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ግድግዳ ተደግፈው ክንድዎን ግራና ቀኝ ይዘርጉ፤ እትዬ ከመሐል ጣት ጫፍ እስከ መሐል ጣት ጫፍ ይለኩልኝ። ራስዎን በራስዎ አይለኩ። ልብስ ሰፊ የገዛ ልኩን ቢወስድ እንደሚያበላሸው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ቁጥሩ ስንት ከሆነ ደህና፣ ስንት ከሆነ መጥፎ እንደሆነ አልጽፍልዎትም፤ ስለማውቅዎት ነው። እስከዚያ ግን እባክዎ አይፈርሙ። ከሠንጠረዡ በታች ከሆኑ ላባ ቤት ሊውሉ አይገባም።

ሰው ሙያዋ ምንድን ነው ሲልዎት ትንፋሽ ትለካለች እያሉ እንደሚመልሱ ሰምቻለሁ። እርስዎ ባይኖሩ ይህን መልስ የሚሰጥልኝ ሰው አይኖርም ነበር።

መርፌ


ኅዳር 2

ለመርፌዬ፣

ልክ ልኬን ነግረሽኝ ስታበቂ አይቀየሙኝ ትያለሽ። አልተቀየምኩም። ጎብጠሃል ያለኝ ሰው እስከዛሬ አልነበረም። ደንበኛው ሁሉ ያያል፣ እትዬሽ ታያለች፣ እኔም የሱቅ መስታወት ፊት ባለፍኩ ቁጥር አያለሁ፤ ግን አንዳችንም አፍ አውጥተን ተናግረነው አናውቅም። አንቺ ተናገርሽውና እትዬሽ እያነበብኩላት እያለ ተነሥታ ሄዳ የማይቃጠል ድስት አማሰለች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርት ነው አለችኝ። እሺ አልኳት።

የጠየቅሽውን አድርገናል። አጭሩ ሜትር ስለማይበቃ የመጋረጃውን ረጅም ሜትር አወጣን፤ ያንን፣ አንቺ በሰባት ዓመትሽ ካውያ አስቀምጠሽበት ጫፉን ያቃጠልሽውን። ያን ቀን ከመኪናው ሥር ተደብቀሽ ስታለቅሺ እንዳገኘሁሽ ታስታውሻለሽ? የተቃጠለውን አስር ሳንቲ ሜትር ቆርጬ ጣልኩና ከዚያ ወዲህ ሜትራችን ከአስር ይጀምራል። የቤቱ ሰው ሁሉ አስሩን ቀንሶ ነው የሚያነበው። አዲስ ግዛ ቢሉኝም አልገዛሁም፤ ለምደነዋል።

ግድግዳው ላይ ክንዴን ዘርግቼ ቆምኩ። እትዬሽ ወንበር ላይ ወጣች፣ ወረደች፣ ወንበሩን ወደዚህ ጎተተች፣ ደግማ ወጣች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከእሷ ጋር ስኖር ክንዴን ይህን ያህል ከፍቼ እንደማላውቅ የነገረችኝ ያኔ ነው። ሰው እንዲህ ሆኖም ያቅፋል ለካ አለች።

በመጨረሻ 174 ብላ ጠራችልኝ። እኔም አስሩን ቀንሼ 164 ብዬ ጻፍኩ። ይኸው ቁጥርሽ። ራሴን በራሴ አልለካሁም፣ አላበላሸሁምም። ፊርማውንም እንዳልሽው መልስሽ እስኪመጣ አቆይቼዋለሁ። አሠሪዬ ትናንት ጠየቀኝ፣ የእህቴ ልጅ ሳትፈቅድ አልፈርምም አልኩት። ሳቀ፤ እኔ ግን የምሬን ነበር።

ስለ እኔ ስለምታስቢልኝ ፈጣሪ ያስብልሽ።

አጎትሽ

(ከወረቀቱ ጀርባ፣ በእርሳስ)

ይህን እሱ አላየም። ፖስታ ቤት የምሄደው እኔ ስለሆንኩ ነው። የቤታችን ደረጃ አሥራ አራት ነው። ሲወጣ ሁለት ቦታ ይቆማል። የጫማ ማሰሪያ የሚያስር መስሎ ያጎነብሳል። ጫማው ማሰሪያ የለውም። አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነው የነገርኩሽ።


ኅዳር 11

ለጋሼ፣

ቁጥሩ ደረሰኝ፤ እትዬን እጅዎ ይባረክ ይበሉልኝ። በ164 የሚጠበቀው ስድስት ሊትር ነው፤ የእርስዎ ከመቶ 81 ይሆናል። ከጤነኞቹም ውስጥ ትንሽ የሚይዙ ስላሉ ሠንጠረዡ ዝቅተኛ መስመር አለው። ለዚህ ቁመት መስመሩ 4.87 ነው። እርስዎ 4.9። ፊንጃል እንኳ በማትሞላ አየር ተርፈዋል።

ሁለት ጊዜ አሰላሁት። ሲወጣልኝ ወንበሬ ላይ ተደግፌ ተመስገን አልኩ። ያለ ነገር አስደንግጬዎት ከሆነ፣ እትዬንም አስለቅሼ ከሆነ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ጊዜ እዚህ መጥተው በእኔ እጅ ቢለኩ ደስ ይለኛል። ግን መስመሩ ውስጥ ያለን ሰው ታመሃል ማለት አልችልም። ከፈረሙም መስኮት እንዲከፈትላችሁ ይጠይቁ።

ለእትዬ የጫማው መልእክት ደርሶኛል ይበሉልኝ።

መርፌ


ኅዳር 20

ለጋሼና ለእትዬ፣

ያለፈውን ደብዳቤዬን ይቅደዱት። ይህን ለአውቶቡሱ ሾፌር በእጁ የሰጠሁት የፖስታውን ቀን መጠበቅ ስላቃተኝ ነው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሹራብ ትሠራለች። ለእርስዎ አንድ ላሠራልዎ ብዬ፣ ወደዚህ ስመጣ የሰጡኝን አሮጌ የልክ ደብተር አወጣሁ። በዚያን ጊዜ ሌላ የምሰጥሽ የለኝም ብለው ነበር ሻንጣዬ ውስጥ የከተቱት። ሰባት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ነበረች። ከደንበኞቹ ገጾች መሐል የእርስዎን አገኘሁ። የምረቃ ካባ ይሰፉ በነበረበት ዓመት፣ ለናሙና እንዲሆን እናቴ የለካችዎ ነው። ከሞተች ወዲህ የእጅ ጽሕፈቷን አይቼ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ቁጥሩን አላየሁትም፤ ያየሁት "ወንድሜ ሎጋው" ብላ የጻፈችውን ነው። እሱን እያየሁ ብዙ ተቀመጥኩ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ 174። አስሩ ተነሥቷል።"

እውነቱን ልንገርዎ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት እርስዎን ነው። እኔን ላለማሳሰብ ብለው ቁጥሩን አሳንሰው ጻፉልኝ ብዬ ተናድጄ ነበር፤ ለዚህም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደብዳቤዎን መልሼ ሳነበው ግን እትዬ 174 ብለው ጠሩልኝ ይላል። እትዬ ከዚያ ሜትር ጋር ስንት ዓመት ኖሩ? አስሩን በልባቸው ሳይቀንሱ ቁጥር ጠርተው ያውቃሉ? እሳቸው ቀንሰው የጠሩትን እርስዎ ደግመው ቀንሰውታል። እኔም በዚያ ሜትር ያደግሁ፣ ሜትሩንም ያቃጠልኩ ሰው ሆኜ ሳለሁ ልብ አላልኩትም።

በ174 የሚጠበቀው 6.8 ሊትር ነው። ዝቅተኛው መስመር 5.7 ገደማ ላይ ነው። የእርስዎ 4.9 ከዚያ በጣም ይወርዳል፤ ከመቶ 72። ጋሼ፣ ይህ በልኩ አይደለም። ሳንባዎ ጠቧል። የእኛ ሐኪም የላባ ብናኝ አንዳንድ ሰው ሳንባ ውስጥ ገብቶ እንደሚያስቆጣው ነግረውኛል። ሰውየው ቶሎ ከራቀ ሳንባው ያገግማል፤ ከቆየ ግን ጠባሳ ይሆንና አይመለስም። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ሳያዩ አይታወቅም አሉኝ።

አይፈርሙ። ይምጡ። እትዬም አብረው ይምጡ፤ አልጋዬን ለሁለታችሁ እለቅቃለሁ።

መርፌ


ኅዳር 26

ለመርፌዬ፣

ሾፌሩ አስቸኳይ ነው ብላኛለች ብሎ ላባ ቤት ድረስ ገብቶ ሰጠኝ። ሲወጣ ጸጉሩና ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ነበር፣ ሁላችንም ሳቅንበት። ከዚያ አነበብኩት።

ቤት ስገባ እትዬሽን "ያን ቀን ቁጥሩን ቀንሰሽ ነው የጠራሽልኝ?" አልኳት።

"ታዲያ ሳልቀንስ ልጠራ ኖሯል?" አለችኝ።

በእኔ ቤት ሁለታችንም ጎበዞች ሆነን ነው ነገሩ የተበላሸው። ሰነፍ ብትሆን ኖሮ እውነቱ ያን ዕለት ይወጣ ነበር አልኳት፤ እሷ ግን ሻንጣ እያወረደች ነበር።

አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው። ፈርሜያለሁ። ኅዳር 17፣ ያኛው ደብዳቤሽ በመጣ ማግስት። አንቺን አልወቅስም፣ ራስሽንም እንዳትወቅሺ። መስመሩ ውስጥ ነህ ስላልሽኝ ብቻ አይደለም፤ እኔ ራሴ መስማት የምፈልገው እሱን ነበር። ደጋግመሽ ጠይቀሽኝ ያልመለስኩልሽ ነገር አለ። ትንፋሽዎ እንዴት ነው ስትዪኝ የነርሷን ወሬ እያወራሁ አለፍኩት። ልጅ ሆነሽ እየሰፋሁ ሳፏጭ ትወጂ ነበር። ማፏጨት ካቆምኩ ዓመት አልፎኛል። አንድ ዜማ ግማሹ ላይ ሳልደርስ ያልቅብኛል፤ ግማሹን ማፏጨት ደግሞ አስጠላኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ዛሬ ጠዋት አሠሪዬ ዘንድ ገባሁ። ደብዳቤሽን ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። እንዲቆጣ ጠብቄ ነበር። መሳቢያውን ከፈተና የፈረምኩበትን ወረቀት መልሶ ሰጠኝ። "ላባ ቤት ስገባ እኔንም ያፍነኛል" አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚያ ያ ምርመራ ሰውን ያሳምማል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አያሳምምም፣ ብቻ ክንድህን ያስለኩህ አልኩት።

ማክሰኞ እንነሣለን። አልጋሽን አትልቀቂ፤ እትዬሽ ከአሁኑ ምንጣፍ ይበቃናል እያለች ነው።

ያ የጫማ መልእክት ምንድን ነው? ብጠይቃት ትስቃለች እንጂ አትነግረኝም።

አጎትሽ


ጥር 9

ለእትዬና ለጋሼ፣

በሰላም መግባታችሁን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ከሄዳችሁ ወዲህ ክፍሌ ሰፍቶብኛል።

እትዬ፣ ጋሼን ሳያሳዩ የጻፉልኝን ጥያቄ አንብቤያለሁ። ጋሼ ማንበብዎ አይቀርምና ለሁለታችሁም እመልሳለሁ። የደበቅኳችሁ የለም። ሐኪሙ የነገሩኝን ሁሉ በእናንተው ፊት ነው የነገሩኝ። ያስቆጣው ላባው ነው። ጠባሳው ትንሽ ነው፣ እሱ አይመለስም። የቀረው ግን ቁጣ ነው፤ መድኃኒቱን በትክክል ከወሰዱና ላባ ቤት ደጃፍ ካልደረሱ ይመለሳል ብለው ያምናሉ። አንድ ክረምት ቢቆዩ ኖሮ ግን ይህን አልልም ነበር ያሉትን ሰምታችኋል። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም፤ ቢኖር እነግርዎት ነበር።

የደበቅኳችሁ ስለ ራሴ ነው። እዚህ ሳላችሁ ላነሣው ብዬ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ጋሼን ከለካሁ በኋላ የሁለት ዓመት መዝገብ አውጥቼ ገጽ በገጽ አየሁ። አንዲት ልብስ አጣቢ ነበሩ፣ ጀርባቸው እንደ ጋሼ የጎበጠ። ቁመታቸውን ግድግዳ ላይ ያነበብኩት እኔ ነኝ። በልኩ ነው ብዬ የሸኘኋቸውም እኔ ነኝ። ክንዳቸውን መለካት እንዳለብኝ ተምሬዋለሁ፤ ሰልፍ ነበር፣ ቸኮልኩ። በሌላ ሰው ወረቀት ላይ ያየሁትን ስሕተት በገዛ እጄ ጽፌው ነበር።

አስፈልጌ አገኘኋቸው። ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅኩም፣ መጡ። ክንዳቸውን ዘርግተው ስንለካ እሳቸውም ከመስመሩ በታች ሆኑ፤ አሁን በሕክምና ላይ ናቸው። ይቅርታ ስጠይቃቸው "እንኳን ፈልገሽ አገኘሽኝ" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመለኪያው ክፍል ግድግዳ ላይ ረጅም ሜትር አግድም ተለጥፏል፤ ጀርባው የጎበጠ ሰው ሁሉ ክንዱን ሳይዘረጋ አይወጣም። ባልደረቦቼ የጋሼ ግድግዳ ይሉታል።

ጋሼ፣ እዚህ መጥተው ክንድዎን ሲዘረጉ ሜትሩን ጥዬ እቅፍዎ ውስጥ መግባቴንም እስካሁን ያነሡብኛል። ሥራ ላይ እንዲህ አይደረግም። ግን አሥራ ስድስት ዓመት ያሳደገኝ ሰው ክንዱን ከፍቶ ፊቴ ሲቆም ምን ላድርግ? አመሰግናለሁ። ስላሳደጉኝ፣ ያቺን ሜትር ሳቃጥል ስላልተቆጡኝ፣ ስለመጡልኝም።

መርፌ


ግንቦት 3

ለመርፌዬ፣

ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል፣ ስለ ትንፋሼና ስለ ሹራቡ ልክ። ሹራቡን ለእትዬሽ ትቼላታለሁ፤ ልብስ ሰፊ የገዛ ልኩን አይወስድም ብላ ከጀርባው እሷ ልትጽፍልሽ ነው። አሁን ደግሞ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነው የምትጠብቀኝ፣ የተደበቀ ነገር ቀርቷል።

ትናንት ክሊኒክ ሄድኩ። ያችው ነርስ ናት። ገና ሳልናገር ክንድዎን ይዘርጉ አለችኝ። አሠሪዬ ከእኔ በኋላ ሄዶ ሳለ ስለ ክንድ የነገራት እሱ ኖሯል፤ እሷም መጽሐፏን ከፍታ አገኘችው። ባለፈው ስለሳቀችው ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እኔም ድሮ ብታዪኝ አትስቂም ነበር አልኳት። ከዚያ ሳጥኗ ውስጥ ገባሁ። 5.4 ሊትር ሆነ፣ ከመቶ 79። መስመሩ ላይ ገና አልደረስኩም፤ ሐኪሙም ቀሪው ላይመጣ ይችላል ብለዋል። አልከፋኝም። ግማሽ ሊትር አየር ከላባ ቤት አስመልሻለሁ።

ሱቁን ከፍቻለሁ። ሰሌዳውን አስቀባሁት፤ ሎጋው ልብስ ስፌት ይላል እንደ ድሮው። የቀባው ሰው ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ቀለሙን ሰብስቦ ሄደ። አሠሪዬ ላባ ቤቱ መስኮት ላይ አየር የሚስብ ማሽን አስገጥሟል፣ ሠራተኞቹም አፋቸውን ሸፍነው ነው የሚገቡት። ሁሉንም በየተራ አስመርምሯል። አንዷን እንደ እኔ አስወጥተዋታል፤ አሁን እኔ ዘንድ አዝራር ትተክላለች።

አንድ ነገር ሳልጽፍልሽ አልቀርም። እናትሽን፣ እህቴን፣ ሳስብ የሚመጣብኝ ቁጭት ነበር፤ ሳትጠግቢያት መሄዷ፣ ደህና አድርጌ አለመሸኘቴ። አሁን ግን ሳስባት ወንበር ላይ ወጥታ ልኬን ስትወስድ ነው የምትታየኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ደብተር ውስጥ ቁጥሬን ይዛልኝ ኖረች። አስሩ ተነሥቷል ብላ ባትጽፍ ማን ያምነን ነበር? እሷ ጻፈችው፣ አንቺ አነበብሽው፣ እኔ ተነፈስኩ። ይህን ውለታ በምን እንደምመልስ አላውቅም፣ ለመመለስም አልሞክርም። ብቻ አመሰግናችኋለሁ፣ ሁለታችሁንም።

ከደብዳቤው ጋር ነጭ ጋውን ልኬልሻለሁ። የቀኝ ኪሱ ጠለቅ ይላል፣ ሜትር ይይዛል። ልክሽን ሳልጠይቅ ነው የቆረጥኩት። ቢጠብሽ ወይ ቢሰፋሽ መልሰሽ ላኪው፣ የማይሆን ግን አይመስለኝም።

አጎትሽ ሎጋው

(ከወረቀቱ ጀርባ፣ በእርሳስ)

ትናንት ከክሊኒክ ሲመለስ ከኋላው ሆኜ አየሁት። አሥራ አራቱንም ደረጃ እያፏጨ ወጣ። ጫማውን አላሰረም። ለሹራቡ ክንዱን እኔ ራሴ ለካሁት፤ እሱ አፉን ዘግቶ ቆመ። 174 ነው። አስሩን የቀነስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።